የአርብ ገበታ

ሊሞዥ፣ ኦክቶበር 12 ቀን 1958

ክቡር ሙሴ ፔራሾን፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለው? እኔ፣ ነፋሱ መስኮቱን እያንኳኳ «ማነው?» እያሰኘ ከማመላለሱ በቀር፣ ደህና ነኝ። የማር ዳቦው ደርሶኛል፤ ግማሹን ጎረቤቴ ሳታየኝ በላሁት፣ ግማሹን ደግሞ እያየችኝ።

አሁን ወደ ጠባችን እንግባ። ባለፈው ደብዳቤዎ መሐል «አንቺ እንዳልሽው» የሚል ነገር አገኘሁ። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት፤ አሁንም «አንቺ» ነው። ለመሆኑ አንቱታውን ማን አነሳልዎ? በገበታ ካርድ ሰብሳቢዎች ማኅበራችን መጽሔት ያወጣሁትን ማስታወቂያ አይተው ከጻፉልኝ ጀምሮ ካርድ ስንለዋወጥ አራት ዓመታችን ነው፤ በዓይን ግን ተያይተን አናውቅም። በእኛ ዘንድ አንቱታ የሚነሳው በሴትየዋ ፈቃድ ነው፤ ያውም አንድ ገበታ ቀርበው፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የብዕር ወለምታ በማር ዳቦ ይታሽ እንደሆነ ግን ሌላ አንድ ልከው ይሞክሩ።

ባለቤቴም ሰብሳቢ ነበሩ ወይ ላሉኝ፣ ኧረ በጭራሽ። ሌዮንስ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፒያኖ ቃኚ ነበር። መፍቻዎቹን በቦርሳ ይዞ ከግንብ ግንብ፣ ከመስፍን ሳሎን መስፍን ሳሎን ሲዞር የኖረ ሰው ነው። የሚበላ ምግብ እንጂ የተጻፈ ምግብ ግድ አይሰጠውም ነበር። እኔን ግን ሱስ ያስያዘኝ እሱ ነው። በ1931 ጸደይ ወደ ሞንትርዌ ግንብ ሄዶ ሳምንት ቆየ፤ ሲመለስ የግንቡ ባለቤት አሮጊቷ እሜቴ በእጃቸው የሰጡትን የገበታ ካርድ አመጣልኝ። ዳሩ ወርቅ ቅብ፣ አናቱ ላይ የቤቱ ማኅተም ያለበት፣ ለእንግዶቹ የሚቀርበው ምግብ በሐምራዊ ቀለም የተጻፈበት። ከሳህኑ አጠገብ ቆሞ፣ ሻማው ሲያበራበት ታየኝ። ከዚያ ወዲህ ያልተጠራሁበትን ድግስ ካርድ ስለቅም እኖራለሁ።

ይህን ካርድ ለማንም አሳይቼው አላውቅም። ዘንድሮ ግን ከፋሲካ በኋላ ኦርሊያን ላይ በሚከፈተው ትርኢታችን ላቀርበው ቆርጫለሁ። የማኅበሩ መርማሪ እርስዎ ስለሆኑ ከዚሁ ጋር ልኬዋለሁ። ቶሎ ይመልሱልኝ፤ ቦታውን ባዶ ሆኖ ሳየው ያቁነጠንጠኛል።

አክባሪዎ፣
ክሌማንስ ቧሳር


ዲዦን፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1958

ክብርት ማዳም ቧሳር፣

አስቀድሜ ስለ «አንቺ» ይቅርታ እጠይቃለሁ። ብቻዬን ስለምኖር ከድመቴ ጋር ብዙ አወራለሁ፤ እሷ ደግሞ አንቱታ አትወድም። ሁለተኛው የማር ዳቦ በመንገድ ላይ ነው።

የዘገየሁት በጉልበቴ ምክንያት አይደለም። ክፉ ዜና መጻፍ ስላልወደድኩ እየጀመርኩ ስቀድ ነው። ካርድዎ ሲያዩት ያፈዛል። ማኅተሙ የሞንትርዌ መሳፍንት ነው፣ ወረቀቱም ቀለሙም የዘመኑ ነው። እኔ ግን ጠባዬን ያውቁታል፣ መጀመሪያ የማየው ቀኑን ነው። ማርች 18 ቀን 1887 ይላል። የድሮውን የቀን መቁጠሪያ ከመደርደሪያ አውርጄ ሳገላብጥ አርብ ሆኖ አገኘሁት፤ ያውም የዐቢይ ጾም አርብ።

ታዲያ ምን ቀረበ? የጎምዛዛ ቅጠል ሾርባ፣ የወንዝ ዓሣ በነጭ ወይን፣ የባሕር ዓሣ በቅቤ። ዓሣና ቅቤ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ተፈቅደዋልና እስከዚህ የጾም ነው፣ ደግ። ቀጥሎ ግን «በቀይ ወይን በዝግታ የበሰለ ማክሮዝ» ይላል። ማክሮዝ! ማዳም፣ እርስዎም እኔም ከሉካንዳ ስንገዛው የኖርነው የበሬ ወርች እኮ ነው። አጎቱ ጳጳስ የሆነ መስፍን በዐቢይ ጾም፣ በአርብ ቀን፣ ሰው ጠርቶ የበሬ ወርች ያበላል? አታላዩ የጾም ገበታ ሲገለብጥ ቆይቶ ሆዱ አልችል ሲለው ሥጋ ጣል አደረገበት።

ሌላም ነገር አለ። ግንቡ ከዚህ ከመጨረሻው ጦርነት በኋላ እስኪሸጥ ድረስ የሞንትርዌ ካርድ አንድም ገበያ ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ በ1931 እጅ የገባ ካርድ ወይ ከእሜቴ እጅ የተሰጠ ነው፣ ወይ የአታላይ ሥራ ነው፤ ሦስተኛ መንገድ የለውም። የመጀመሪያው እንዳይሆን ማክሮዟ ከለከለችን።

እንደ ደንባችን ከጀርባው ጥግ ላይ በእርሳስ «ሐሰተኛ» ብዬ ጽፌበታለሁ። አይዘኑ። እኔም አምኜ ሰብስቤ የጣልኩት ብዙ ነው። ባለቤትዎንም አንዱ ሸውዷቸው ይሆናል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንሴልም ፔራሾን


ሊሞዥ፣ ኖቬምበር 10 ቀን 1958

ክቡር ሙሴ ፔራሾን፣

ካርዱ ደርሶኛል። ስለ ድካምዎ አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ለምን እንደምጠይቅ ግን አይጠይቁኝ። እንዲህ ያለው የውሸት ካርድ በዚያ ዘመን ቱር ከተማ ውስጥ ይሸጥ ነበር?

የበለስ ማርማላታው ዘንድሮ አልረጋልኝም፤ ስለዚህ አልላክሁም።

ክ. ቧሳር


ዲዦን፣ ኖቬምበር 16 ቀን 1958

ክብርት ማዳም ቧሳር፣

የእርስዎ ማርማላታ አልረጋም ማለት አንድ ነገር ሆነዋል ማለት ነው። አመመዎት? ወይስ በእኔ አዘኑብኝ? በእኔ ከሆነ እባክዎ ይስደቡኝ፤ ስድብ እችላለሁ፣ አጭር ደብዳቤ ነው የማልችለው።

ለጠየቁኝ፣ አዎ፣ ይሸጥ ነበር። ቱር ላይ በአሮጌ ዕቃ ገበያ የመሳፍንት ገበታ ካርድ እያስመሰሉ የሚሠሩ እንደነበሩ ሽማግሌዎቻችን ያወራሉ። እንዲያውም ከቤት ርቀው የሰነበቱ ባሎች ለሚስቶቻቸው መታረቂያ ይገዙት ነበር እየተባለ ይቀለድበታል።

ለምን ጠየቁኝ አልልም፣ ከልክለውኛልና። ግን ደብዳቤዎ ከመጣ ወዲህ ወንበር አልያዝ ብሎኛል። ፖስተኛው ገና ከመንገዱ ጥግ ብቅ ሲል በር ላይ ቆሜ ስለማገኘው፣ «ሙሴ፣ እኔን ነው ወይስ ደብዳቤውን ነው የሚወዱት?» ይለኛል። ሁለት መስመር ይጻፉልኝ።

የእርስዎው፣
አንሴልም ፔራሾን


ሊሞዥ፣ ዲሴምበር 8 ቀን 1958

ሙሴ አንሴልም፣

ይኸው በስምዎ ጠራሁዎ። እርስዎም ክሌማንስ ይበሉኝ። አንቱታው ግን ባለበት ይቆይ።

ዝም ያልኩት እርስዎን ተቀይሜ አልነበረም። ስለ ካርድ ጠይቄዎ ስለ ባሌ መለሱልኝ፤ ይህን ደግሞ ሊያውቁ አይችሉም። እንግዲህ ልንገርዎ።

ሌዮንስ ሞንትርዌ ሄድኩ ባለኝ በዚያ ሳምንት፣ የጎረቤቴ እህት ቱር ላይ አየሁት ብላ መጣች። ከማዳም ሪጎሌ ቤት ሲወጣ፤ ባርኔጣ እየሰፋች የምትሸጥ ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ ሳቂታ፣ ቀይ ሴት። ሲመለስ በሩ ላይ ይዤ «የት ነበርክ?» አልኩት። «የነበርኩበት ነዋ፣ ሞንትርዌ» አለኝና ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እሜቴ ለሚስትህ ስጣት ብለው ነው። ሙሽራ ሆነው ወደዚያ ቤት በገቡበት ዓመት የተደረገ ድግስ ነው» አለኝ። እኔም ካርዱን አየሁና አፈርኩ። እንዲህ ያለ ነገር ያለ እሜቴ ከየት ይመጣል? ሴትዮዋን ውሸታም ናት ብዬ ከቤቴ አስወጣኋት፤ ዳግመኛ አልተነጋገርንም። ሌዮንስንም እስኪሞት ድረስ ደግሜ አልጠየቅኩትም።

ካርዱ ነበር አፌን የያዘኝ። አሁን ካርዱ ሐሰተኛ ሆነ። «መታረቂያ» ያሉትን ቃል ሳነብ ወጥ እያማሰልኩ ነበር፤ አሳረርኩት።

ከዚያ ወዲህ አላረፍኩም። አልጋውን ከግድግዳ ግድግዳ አዛወርኩ፤ ቁም ሣጥኑን ደግሞ ወደ ኮሪደሩ። ፎቶውን ከምግብ ክፍሉ አውርጄ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ፒያኖውንም ለአንዲት የሙዚቃ መምህርት ሸጥኩት፤ አዲሱ ቤቷ ሲያልቅ፣ በፌብሩዋሪ መጨረሻ አካባቢ፣ ልትወስደው ነው። በሕይወት ቢኖር እጮህበት ነበር። ሞቶ አረፈና እኔ ባዶ ቤት ውስጥ ዕቃ እገፋለሁ።

ፋሲካን ዲዦን መጥተው ይዋሉ ብለው በየዓመቱ ለሚጠይቁኝ፣ በፊት አይሆንም ብዬ ነበር። ባሌ ምን ይለኛል እያልኩ ነበር፣ እንግዲህ እውነቱን ካወቁት አይቀር። አሁን ማንም ምንም አይለኝም። እመጣለሁ።

ክሌማንስ


ክሮትዋ፣ ከእህቴ ቤት፣ ጃንዋሪ 7 ቀን 1959

ውድ ክሌማንስ፣

አድራሻዬ የተለወጠው፣ ታላቅ እህቴ በርት ቁርጭምጭሚቷን ሰብራ «መጥተህ አስታመኝ፤ አልመጣም ካልክ ግን እንዳትመጣ» ብላ ስለጻፈችልኝ ነው። ይኸው ባሕር ዳር ተቀምጬ እንጨት እፈልጣለሁ፣ እሷ ወንበሯ ላይ ሆና ፈለጣዬን ታርማለች።

ስለ ሙሴ ሌዮንስ የጻፉልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ምን ልበልዎ? ደስ አለኝ ብል ነውር ነው፤ አላለኝም ብል ውሸት ነው። እስከ ዛሬ እርስዎ «ሌዮንስ እንዲህ ይል ነበር» ባሉኝ ቁጥር ደብዳቤውን አጥፌ ጥቂት ተንጎራድጄ ነበር የምቀጥለው። እርስዎ ያልተቀየሙትን ሰው ጠልቼ ኖሬያለሁ። አሁን እርስዎም ተቀየሙት፤ እኔም እንደ ልቤ ልጠላው ስችል ጊዜ አዘንኩለት።

የት አርፋለሁ ላሉኝ፣ አያስቡ፤ ከእኔ ፎቅ በታች የምትኖር አንዲት የተከበረች ባልቴት ክፍል አላት። ለፋሲካ ጠቦት አስቤያለሁ። ለገበታችን ካርድም እኔው በእጄ እጽፋለሁ፣ በሐምራዊ ቀለም።

እዚህ ነፋሱ አያርፍም። በመስኮቱ ትይዩ፣ ማዕበሉ ላይ፣ ጥቁር ጥቁር ወፎች በመንጋ ይዋልላሉ። ቀኑን ሙሉ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፤ ምን እንደሚጠብቁ እንጃ። እኔ ግን የምጠብቀውን አውቀዋለሁ።

የእርስዎው፣
አንሴልም


ክሮትዋ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1959

ውድ ክሌማንስ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አዎ፣ የቀትሩ ባቡር ይሻላል። ጠቦቱ ላይ ነጭ ሽንኩርት እወዳለሁ። አይ፣ ድመቷ አትናከስም።

እዚህ ዝናብ ነው። ትናንትም ዝናብ ነበር። የእህቴ እግር እየዳነ ነው፤ ምላሷ ግን ድሮም አልታመመም።

ፒያኖው ሄደ? ካልሄደ ምን ያስቸኩላል? ክረምት ላይ ዕቃ ማጓጓዝ እንጨቱን ይጎዳዋል ሲሉ ሰምቻለሁ። ትንሽ ቢቆዩስ? እንዲሁ አስቤው ነው። ሌላ የምለው ነበረኝ፤ አሁን ግን ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ነው።

አንሴልም


ሊሞዥ፣ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1959

አንሴልም ወዳጄ፣

ደብዳቤዎን ምን ነካው? በጋዜጣ ላይ ያለውን የአየር ሁኔታ ገልብጠው የላኩልኝ መሰለኝ። አመመዎት? ወይስ የእኔ መምጣት አሁን ሲቀርብ አስፈራዎት? ፈርተው ከሆነ ይናገሩ፤ ቲኬት አልቆረጥኩም። ከፖስታ ቤቱ መዘጋት በፊት ያልተነገረው «ሌላ» ምን እንደሆነ ሳስብ እንቅልፍም እህልም አልገባልኝ አለ።

ፒያኖ እንዲህ የሚያሳስብዎ ሰው መሆንዎን አላውቅም ነበር። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ሊወስዱት ይመጣሉ። ቶሎ በሄደልኝ! በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር ክዳኑን በቡጢ እመታዋለሁ፤ እሱም ከሆዱ ውስጥ ያጉረመርማል። ፎቶውንም ከፒያኖው ጋር አብሬ ልስጣት እያልኩ ነው፤ ፍሬሙ ጥሩ ነው።

እስቲ ይበሉ፣ ምን ደብቀውኛል?

ክሌማንስ


ቴሌግራም
ከክሮትዋ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1959

ፒያኖውን አይስጡ። ፎቶውንም። ካርዱ እውነተኛ ነው። ደብዳቤ ይከተላል። ጥፋቱ የኔ ነው። አንሴልም


ክሮትዋ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1959

ውድ ክሌማንስ፣

ቴሌግራሙ ቀድሞኝ እንዲደርስ ሮጥኩ፤ በዚህ ጉልበት። አሁን ቁጭ ብዬ በሥርዓቱ ልንገርዎ፣ ምንም እንኳ ቁጭ ማለት ከተውኩ ብሰነብትም።

ያን የአየር ሁኔታ ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት በነበረው አርብ፣ አዳኝ ጎረቤታችን አንድ ጥቁር ወፍ ይዞ መጣ። እህቴ ወንበሯ ላይ ሆና አስገነጠለችኝ፣ አስበሰለችኝ። በቀይ ወይን፣ በዝግታ። ገበታ ላይ ስታቀርብልኝ፣

«እትዬ፣ ዛሬ እኮ አርብ ነው» አልኳት።

«እና ምን ይሁን?»

«ሥጋ ነዋ!»

«ሥጋ አባትህ! ማክሮዝ ናት።»

ሹካዬን አስቀመጥኩ። «ምን አልሽኝ?»

«ማክሮዝ። ያቺ በመስኮት ስታፈጥባት የከረምከው። ማክሮዝ አታውቅም?»

«ማክሮዝ የበሬ ወርች ነው» አልኳት፣ እንደ ተማሪ ቤት።

ሳቋን ስትለቀው ክራንቿ ወደቀ። «ኧረ ይኼ ልጅ! ዲዦን ስትኖር ከላም ሌላ እንስሳ ረሳህ? ይቺ ባሕር ላይ የምትኖር፣ ዓሣ ዓሣ የምትሸት፣ በጾም ከዓሣ የምትቆጠር ዳክዬ ናት። የኛ ቄስ በሕማማት ሁለት ይበሉ ነበር! ድሮ ከዚህ በበረዶ እየታሸገች ለመሳፍንቱ ሁሉ ትሄድ ነበር፣ ሆዳቸው ሥጋ ሲያምረው፣ ነፍሳቸው ጾም ሲያምራት።»

ክሌማንስ፣ አንድ ስም ነው፤ በእኛ አገር በሬ፣ በባሕሩ አገር ወፍ። በዚያ ካርድ ላይ ከዚያች ቃል በቀር አንድም እንከን አልነበረኝም። ማኅተሙ ልክ፣ ወረቀቱ ልክ፣ ገበታው ከጫፍ ጫፍ የጾም ገበታ። እኔ ነኝ ቃሏን ከማላውቅበት አገር ሆኜ የፈረድኩት። ያ ቤት ደግሞ በዚያ ዘመን ካርዱን በእጁ ካልሰጠ በቀር ለማንም እንደማይደርስ እኔው ጽፌልዎታለሁ። ሌዮንስ ሞንትርዌ ነበር። እሜቴ «ለሚስትህ ስጣት» ብለውታል። ከባርኔጣ ሰፊዋ ቤት የወጣው ሌላ ሰው ነው፤ ወይም ማንም አልወጣም።

ይህን ሁሉ ያን ዕለት አውቄዋለሁ። ያልጻፍኩልዎ ፖስታ ቤቱ ስለተዘጋ አይደለም። ፖስታ ቤቱ ክፍት ነበር።

በየቀኑ በአሸዋው ላይ ስመላለስ ሰነበትኩ። ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? በማኅበሩ ውስጥ እኔ ያልኩትን የሚከልስ የለም። ፋሲካ ይመጣል፣ እርስዎም ከባቡር ይወርዳሉ። የሞተው ሰው ሞቷል፣ ምን ይጎዳል እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ደግሞ ተመልሼ እቆጣለሁ። ያ ሰው ሞቶም በልጦኛል እላለሁ፤ አሁን ደግሞ ይባስ ብሎ ንጹሕ ሊሆን! የእርስዎን ፊት እንኳ አይቼው አላውቅም፤ ግን ካላየሁት ፊት መለየት አልቻልኩም። እወድዎታለሁ ማለት ይህ ከሆነ፣ እወድዎታለሁ። አሁን መናገሩ ምንም ስለማይጠቅመኝ ነው የምናገረው።

በርት ነገሩን ከእኔ ጎትታ አወጣችው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አንተ ሁለቱንም ሆነህ ቁጭ አልክ» አለችኝ። ከዚያ ሳቁን ትታ፣ «ሴትዮዋ ባሏን ሁለት ጊዜ እንድትቀብር ታደርጋለህ?» አለች። ያኔም አልጻፍኩም። ቅዳሜ ሊወስዱት ይመጣሉ የሚለው ደብዳቤዎ ዛሬ ሲደርሰኝ ነው ኮቴን ሳልለብስ የወጣሁት። ክዳኑን በቡጢ ይመታሉ፤ ምንም ያላጠፋ ፒያኖ ነው።

በካርዱ ጀርባ የጻፍኩትን ቃል በላጲስ አይንኩት፣ ወረቀቱን ያቆስለዋል። የዳቦ ልብ ፈርፍረው ቀስ አድርገው ያሹት፣ ይለቃል። ለማኅበሩም ስሕተቴን ራሴ ጽፌ ልኬአለሁ።

ዲዦን ይመጣሉ ብዬ አልጠብቅም። ስለ ዘገየሁባቸው ቀናት ይቅር ይበሉኝ ብዬም አልጠይቅም። ይቅርታ ብዙ ጠይቄዎታለሁ፤ ለሌላው ሁሉ ነበር፣ ለዚህ የሚሆን አልተረፈኝም።

አንሴልም ፔራሾን


ሊሞዥ፣ ማርች 1 ቀን 1959

ሙሴ ፔራሾን፣

ቴሌግራምዎ የደረሰው ፒያኖው ሁለት እግሩ ደጅ፣ ሁለት እግሩ ቤት ሆኖ ሳለ ነው። ሁለቱን ሸካሚዎች «መልሱ!» አልኳቸው። አንደኛው፣ «ማዳም፣ ስናወጣው ሽጠውታል፣ ስናስገባው ሊገዙት ነው?» አለኝ። መምህርቷ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፤ እሷ በእኔ፣ እኔ በማን እንደሆነ እንጃ። በሩ ላይ ተፋጠን አንድ ጠርሙስ ወይን ከፈትኩላቸውና አራታችንም ጠጣነው።

ደብዳቤዎ ሲመጣ አላነበብኩትም፤ መጀመሪያ ፎቶውን ሰቀልኩት። ጠማማ ሆነ፣ አቃናሁት፣ እንደገና ጠመመ። «ሌዮንስ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። በሕይወት ሳለ አንድም ቀን ያላልኩትን ቃል። እንደ ልማዱ ዝም አለ። ለካ ያኔም ዝም ያለው የሚመልሰው ስላልነበረው ሳይሆን አንድ ጊዜ እውነቱን ነግሮኝ ስላበቃ ነው። ጎረቤቴ ጋም ሄጄ እህቷ ያየችው ሰው ምን ይመስል እንደነበር ጠየቅኳት። «ኧረ እሷ ያን ጊዜም ዓይኗ ደካማ ነበር» አለችኝ፣ ሽንኩርት መላጧን ሳታቆም። ስንት ዘመን ሙሉ ይህን ሳልጠይቃት!

ከዚያ ነው ቁጭ ብዬ የእርስዎን ያነበብኩት። ተናድጄብዎታለሁ። በማክሮዟ አይደለም፤ እኔም ብሆን ማክሮዝ ቢሉኝ ድስት ነው የምጥደው። የተናደድኩት በአሸዋው ላይ በተመላለሱባቸው ቀናት ነው። እርስዎ ባሕር ዳር ሲመላለሱ እኔ እዚህ የሰውዬውን ሸሚዞች ለምጽዋት አስሬ ነበር። ሁለቱ ሄደዋል፤ አይመለሱም።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ብዕሬን አስቀምጬ ወጣሁ፣ ገበያ ዞሬ ምንም ሳልገዛ ተመለስኩ። የሚከተለው በማግሥቱ የተጻፈ ነው።

ዝም ቢሉ ኖሮ እመጣልዎ ነበር። በፋሲካ ጠቦቱን በልቼ፣ በሐምራዊ የጻፉትን ካርድ አንብቤ፣ ምናልባትም ደስ ብሎኝ። ይህን እያወቁ ነገሩኝ። አስቤ አስቤ ከዚህ ማለፍ አቃተኝ። ባሌን የመለሰልኝ ሰው እሱን የሚጠላው ሰው ነው።

ስለዚህ ዲዦን አልመጣም። ይህን ቁርጡን ይወቁ። ካርዱን በዳቦ ልብ አሸሁት፤ ቃሉ ለቋል፣ ጥላው ግን በብርሃን ሲያዩት ይታያል። ኦርሊያን እንዲሁ ይሄዳል።

እኔ ቤት ግን ገበታ አለ። ለማርች 13 ቀን መቁጠሪያ ማውረድ አያስፈልግም፣ አርብ ነው፤ ጾም ነው። ከባሕር የመጣ ዓሣ እሠራለሁ፣ በሬም ወፍም አይኖርም። በምግብ ክፍሌ ውስጥ ሁለት ወንበር ነው ያለው። አንደኛው የእኔ ነው። የሌላው ፊት በቀጥታ ወደ ሌዮንስ ፎቶ ነው፤ እሱን ላወርደው አልችልም፣ ወንበሩንም አላዞረውም። እዚያ ተቀምጦ፣ እሱን እያየ መብላት የሚችል ሰው ካለ፣ በፊቱ ሳህን ይኖራል፣ ካርድም ይኖራል፣ ስሙ የተጻፈበት።

የምጽፈውን ደግሞ አድጦኝ እንዳይመስልህ። ጥግ ላይ በእርሳስ ምልክት እንዳታደርግበት፤ በቀለም ነው የጻፍኩት፣ የዳቦ ፍርፋሪ አያስለቅቀውም። አንቱታው ገበታ ሳንቀርብ አይነሳም ያልኩት እኔ ነኝ፣ ደንቡን የምጥሰውም እኔ ነኝ።

አንሴልም፣ ና።

ክሌማንስ